ስለ ፍተሻው ስፍራ መሰናዳት

የኮምፒውተር ፕሮግራም በሰው እጅ ሳይሆን በሌላ ፕሮግራም አማካይነት ሲፈተሽ፣ ፍተሻው ጧት «ደኅና ነው» ብሎ መስክሮ፣ ከቀትር በኋላ ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር ሳትለወጥ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ፕሮግራሙን ነው፤ መርምሮ ነውር ቢያጣበት የፍተሻውን ስክሪፕት ይጠረጥራል፤ ከዚያም ቢያጣ ፍተሻውን እንደገና ያስኬደዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ፍተሻው ያለፈለት እንደ ሆነም ነገሩ በዚያው ይረሳል። የዚህ ጽሑፍ ሐተታ ግን ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ተረስቶ በሚቀረው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ፍተሻው ቆሞ በሚመለከትበት ስፍራ፣ ማለት በዴስክቶፑ፣ በስክሪኑ፣ በፊደሉ፣ በሰዓቱና በጠቅላላው የኮምፒውተሩ ሁናቴ ላይ ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ ያላየውን ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ የቆመበት ቦታ ጨለማ የሆነበት ምስክር፣ ጠባዩ ምንም ቅን ቢሆን፣ ቃሉ ስምዐ ጽድቅ ሊሆንለት አይችልም።

ነገሩ የጥቂት ቸልተኞች ጣጣ እንዳይመስል አስቀድሞ ቍጥሩን ማየት ይገባል። (ስለ ሐሳበ ዘመናችን ከምናገርበት ስፍራ በቀር፣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጉግል በ2016 ስለ ራሱ ሥራ በገለጠው ጽሑፍ፣ ፍተሻ በተካሄደ ቍጥር ከመቶው 1.5 ያህሉ ጊዜ የማይጸና ውጤት እንደሚገኝ፣ ከፍተሻዎቹም መካከል 16 በመቶ የሚጠጉት ይህ መዋዠቅ በመጠኑ እንደሚታይባቸው፣ ሲያልፉ ቆይተው ከወደቁት ውጤቶች ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ ከሚዋዥቅ ፍተሻ ጋራ የተያያዙ እንደ ነበሩ አስታውቋል። ሦስተኛው ቍጥር ከሁለቱ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ፍተሻው በወደቀ ቍጥር አዲስ ግድፈት ሳይገኝ ሲቀር ሠራተኛው የፍተሻውን ቃል መናቅ ይለምዳልና፤ ንቀቱ ልማድ በሆነበት ዕለትም እውነተኛው ግድፈት ማንም ሳይመለከተው ወደ ተጠቃሚው ያልፋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በ51 የአፓች ፕሮጄክቶች ውስጥ መዋዠቅን ለማረም የተደረጉ 201 ለውጦችን መርምረው ነበር፤ መንሥኤያቸው ተለይቶ ከታወቀው መካከልም 45 በመቶ ያህሉ የሌላውን ሥራ መፈጸም በአግባቡ ካለመጠበቅ፣ 20 በመቶ ያህሉ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ ሥራዎች ከመጋጨታቸው፣ 12 በመቶ ያህሉ ደግሞ የፍተሻዎቹ ተራ ሲለዋወጥ አንዱ የተወውን ቅሪት ሌላው ከመውረሱ የመጡ ሆነው ተገኙ። በዴስክቶፕ ላይ በሚደረግ ፍተሻ እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ሆነው ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ የየራሳቸውን ችግር ይጨምሩበታል።

የፍተሻው መሣሪያ ዴስክቶፑን የሚያይበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ሲባል የተከፈተ መንገድ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ1997 ጀምሮት በዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ዩአይ ኦቶሜሽን በተባለው ባስፋፋው ሥርዓት፣ በሊኑክስም ኤቲ-ኤስፒአይ በሚባለው፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ፣ ሣጥንና ዝርዝር በስሙና በግብሩ ለይቶ ይናገራል፤ ይህንም የሚሰማው በመጀመሪያ ጽሑፉን በድምፅ ለሰውየው የሚያነብለት ፕሮግራም ነበረ። እንደ ዶግቴል ያሉ የፍተሻ መሣሪያዎች በዚሁ በር ገብተው «አስቀምጥ» የተባለው ቁልፍ የት እንዳለ ይጠይቃሉ እንጂ በስክሪኑ ላይ በስንተኛው ፒክስል እንደ ተቀመጠ አይሹም፤ ስለዚህም ቁልፉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢዛወር ፍተሻው አይሰናከልም። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ደስ እያለኝ እጽፈዋለሁ፤ ፕሮግራሙን ለፍተሻ የሚያመች ለማድረግ ብሎ ለቁልፎቹ ሁሉ ስም የሰጠ ሰው፣ ሳያስበው ለዐይነ ስውሩ ተጠቃሚ መንገድ ጠርጎለታል፤ ለዐይነ ስውሩ የማይናገር ፕሮግራም ደግሞ ለፍተሻውም ዝም ይላል።

ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን ራሱን መመልከት ነው። በኤምአይቲ ተሠርቶ በ2009 የተገለጠው ሲኩሊ፣ የቁልፉን ሥዕል ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ እርሱን የሚመስለውን ይፈልጋል፤ የኦፕንሱሴ ሰዎች ያዘጋጁት፣ ፌዶራም የሚሠራበት ኦፕንኪውኤ ደግሞ ሊታይ የሚገባውን ሥዕል በአንድ ፋይል፣ ከሥዕሉም ውስጥ የትኛው ቦታ መመሳሰል እንዳለበት በሌላ ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ እነዚህንም ከቨርቿል ማሽኑ ውጭ ሆኖ ከሚታየው ስክሪን ጋራ ያስተያያል። እኔ በበኩሌ ለዕለት ሥራ የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ሲጫን፣ ስሙን የሚናገር ፕሮግራም ከመኖሩ በፊት ያለውን ነገር መፈተሽ የሚቻለው በሁለተኛው ብቻ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ግን ከዚህ በታች ስለ ስክሪንና ስለ ፊደል የምናገረውን እጥፍ አድርጎ ሊጠብቅ ይገባዋል።

ወደ ስክሪኑ እንምጣ። ፍተሻ በሚካሄድበት ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ ስክሪን አይገኝም፤ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚሣልበት ገጽ ይሻል። በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም መፍትሔ ሆኖ የኖረው በ1984 በኤምአይቲ ተጀምሮ ዐሥራ አንደኛውን እትም በ1987 ያገኘው የኤክስ መስኮት ሥርዓት ነው፤ ከእርሱ ጋራ የሚገኘው ኤክስቪኤፍቢ የተባለው ፕሮግራም፣ ግዙፍ ስክሪን ሳይኖር ሥዕሉን ሁሉ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ይሥለዋል። ብዙ ሰው ይህን አስነሥቶ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስፋቱንና የቀለሙን ጥልቀት በግልጥ ካልነገሩት በልማዱ ይሠራልና፣ ኤክስቪኤፍቢን ለማስነሣት የተለመደው ኤክስቪኤፍቢ-ረን ለብዙ ዘመን 640 በ480 ፒክስል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በሰፊ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁልፍ በዚያ ከገጹ ውጭ ሆኖ ፍተሻው ባዶውን ሲጫን ይገኝ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ መስኮቶችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም አብሮ ካልተነሣ መስኮት አይሰፋም፣ አይጠብም፣ ኪቦርዱ የሚጽፈውንም የትኛው መስኮት እንደሚቀበል አይታወቅም፤ ስለዚህ እንደ ኦፕንቦክስ ያለ ቀላል አስተዳዳሪ አብሮ መነሣት አለበት። ፕሮግራሞቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ዲ-ባስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፍተሻ ለብቻው ቢነሣ፣ ከሌላ ፍተሻ የመጣ መልእክት አይደባለቅም።

በዊንዶውስ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይረቃል፤ ረዘም አድርጌም እናገርበታለሁ፣ የብዙ መሥሪያ ቤቶች የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚኖረው በዚያ ነውና። ከቪስታ ጀምሮ ከበስተ ጀርባ የሚሠሩት ሰርቪሶች ሴሽን ዜሮ በተባለ በተለየ ክፍል ተወስነው ተቀምጠዋል፤ በዚያ የተከፈተ መስኮትም በተጠቃሚው ዴስክቶፕ ላይ አይታይም። ይህ የተደረገው ለደኅንነት ሲባል ነው፣ ተገቢም ነው፤ ነገር ግን የፍተሻውን መሣሪያ እንደ ሰርቪስ የጫነ ሰው፣ መሣሪያው የሌለ ዴስክቶፕ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ መሣሪያው መነሣት ያለበት በስሙ ገብቶ በተቀመጠ ተጠቃሚ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩም በተነሣ ቍጥር ያ ተጠቃሚ በራሱ እንዲገባ ሆኖ መሰናዳት አለበት፤ ፓስዎርዱ በዚህ ምክንያት ስለሚጋለጥም ይህ ኮምፒውተር ከሌላው ሥራ ሁሉ የተለየ፣ ምንም የከበረ ነገር የማይገኝበት ሊሆን ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ስውር ነው። ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ ፍተሻው በደኅና ሲሄድ አይቶ ግንኙነቱን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ግንኙነቱ ሲዘጋ ግን ያ ዴስክቶፕ መሣሉን ያቆማል፣ ከማውስና ከኪቦርድ የተላከለትንም አይቀበልም፤ ስለዚህ ሰው ሲመለከተው ያልፍ የነበረው ፍተሻ ሰው ሲሄድ ይወድቃል፤ ሰው ሊመረምረው ተመልሶ ሲገባም እንደገና ያልፋል። መድኃኒቱ ሴሽኑን ወደ ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ኮንሶል በሚመልሰው ቲኤስኮን በተባለው ትእዛዝ መውጣት ነው፤ የተሻለው ደግሞ በቨርቿል ማሽኑ ኮንሶል በኩል መመልከት እንጂ ፈጽሞ በሪሞት ዴስክቶፕ አለመግባት ነው። ስክሪኑን የሚቈልፈው፣ የሚያጠፋውና የሚያስተኛው ሥርዓት ሁሉ መዘጋት አለበት፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ መስኮትም ከበታቹ የሆነ ፕሮግራም የሚልክለትን የቁልፍ ጭነት ስለማይቀበል፣ የፍተሻው መሣሪያና የሚፈተሸው ፕሮግራም በሥልጣን እኩል እንዲሆኑ ያስፈልጋል።

ስለ ማክ ጥቂት ቃል ይበቃል፤ መሣሪያው ስክሪኑን ለማየትና ኪቦርዱን ለመንካት ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ይህም ፈቃድ አስቀድሞ ካልተሰጠ ጥያቄው ራሱ በስክሪኑ ላይ ቆሞ ፍተሻውን ይጋርደዋል። ሊኑክስ ደግሞ ከኤክስ ወደ ዌይላንድ በመሻገር ላይ ነው። በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳያይና በሌላው ስም ቁልፍ እንዳይጫን ይከለክላል፤ በኤክስ ላይ የተሠራው የቀድሞው የፍተሻ መሣሪያ ሁሉ የቆመው ግን በዚሁ አሁን በተከለከለው ነገር ላይ ነበር። አዲሶቹ መንገዶች፣ ማለት ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ሊብኢአይና ያለ ስክሪን ሊነሣ የሚችለው የግኖም ዴስክቶፕ፣ እየበሰሉ ናቸው፤ ዛሬ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ተጠቃሚዎቹ በየትኛው ላይ እንዳሉ ሳያይ ለልማድ ብቻ ኤክስን ባይመርጥ እመክራለሁ።

በስክሪኑ ላይ የሚሣለው ነገር ራሱ መጽናት አለበት። የጽሑፍ ጠቋሚው ብልጭታ፣ የመስኮቶች መንሸራተትና መደብዘዝ፣ ከማእዘኑ ብቅ የሚል ማሳወቂያ፣ በሌሊት የሚመጣ አፕዴት፣ እነዚህ ሁሉ ለሰው ዐይን ምንም ሳይሆኑ ለፍተሻው እንቅፋት ይሆናሉና ሊጠፉ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፊደሉ ነገር ነው። አንድ ፊደል የሚሣልበት ፎንት፣ የጠርዙ አለሳለስና የስክሪኑ ማጉያ መጠን በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ቢለያዩ ያው ቃል በፒክስል አንድ አይሆንም፤ የድር ገጽን አሣሣል የሚፈትሹ ሊቃውንት ይህን ለመሸሽ ሲሉ አብዛኛው ፊደሉ ጥቍር አራት ማእዘን ብቻ የሆነ አሄም የተባለ ፎንት እስከ መጠቀም ደርሰዋል።

የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ከተቀበለው ወዲህ፣ በኋላም ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ላይ አማርኛውን ያያል፤ ፍተሻው የሚካሄድበት ኮንቴይነር ግን እጅግ ጥቂት ነገር ብቻ ይዞ ስለሚሠራ የግእዝ ፎንት ብዙ ጊዜ አይኖረውም። በዚያን ጊዜ በስሙ የሚፈልገው ፍተሻ ቁልፉን በስሙ አግኝቶ «ደኅና ነው» ይላል፤ በስክሪኑ ላይ የተሣለው ግን የባዶ ሣጥኖች ረድፍ ነው። ስለዚህ አማርኛ ያለበትን ፕሮግራም የሚፈትሽ ሰው እንደ ኖቶ ወይም እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት ከነእትሙ ቍጥር በስፍራው ውስጥ መትከል፣ ቢያንስ አንዱንም ፍተሻ በሥዕል ማድረግ ይኖርበታል። አጻጻፉም እንዲሁ ነው፤ ሰው አንዱን የግእዝ ፊደል የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ተጭኖ ነውና፣ የተዘጋጀውን ቃል በሣጥኑ ውስጥ በቀጥታ የሚጨምር ፍተሻ የአማርኛውን አጻጻፍ አልፈተሸውም።

የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት፣ የፕሮግራመሩ ኮምፒውተር በአዲስ አበባ ሰዓት ሲሠሩ በመካከላቸው የሦስት ሰዓት ልዩነት አለና፣ ቀኑን የሚያነብ ፍተሻ በየሌሊቱ ለሦስት ሰዓት ሊሳሳት ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ስለሚሆንም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይኖራል። በእኛ ሐሳበ ዘመን ለሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ የሚያስፈልገው የዕለቱ ሰዓት መስተካከል ብቻ አይደለም። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ነው፤ ስለዚህ የደመወዝ ወይም የወለድ ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ላይ ቆሞ ካልተፈተሸ፣ ጉድለቱ በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ይገለጣል፤ በማግሥቱም መስከረም 1 ቀን በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን በመስከረም 12 ላይ መዋሉን ፕሮግራሙ ማወቅ አለበት። የቨርቿል ማሽኑን ሰዓት ወደዚያ ዕለት መልሶ ማስነሣት ይቻላል፤ ለአንድ ፕሮግራም ብቻም ሊብፌክታይም የተባለው መሣሪያ ይበቃል። ሰዓቱን በጠቅላላው የመለሰ ሰው ግን በኢንተርኔት የሚገናኙት ፕሮግራሞች የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ ስለማይገጥም ሊከለከሉ እንደሚችሉ አይርሳ።

ከላይ የጠቀስሁት 45 በመቶ የመጣው ካለመጠበቅ ነበረ። «አምስት ሰከንድ ቆይ» ብሎ መጻፍ የቀለለ መንገድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት አምስቱ ሰከንድ አይበቃም፣ ሥራ ሲያጣም አምስቱ ሰከንድ ይባክናል። መጠበቅ የሚገባው ነገሩን ራሱን ነው፤ መስኮቱ እስኪከፈት፣ ቁልፉ እስኪነቃ፣ ፋይሉ እስኪጻፍ፣ ከዚያም በላይ እንዳይቆይ ወሰን ተደርጎለት። ይህ የስክሪፕቱ ግዴታ ቢሆንም የስፍራውም ድርሻ አለበት፤ ስድስት ቨርቿል ማሽን በአራት ፕሮሰሰር ላይ ጭኖ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ ያደረገ ሰው፣ ስክሪፕቱ ምንም ቢታገሥ የፍጥነቱን መጠን ከእጁ አውጥቶታል።

አሁን ወደ ሥሩ እንድረስ። እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ሰው ትውስታ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ዋጋ የለውም፤ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ከፕሮግራሙ ጋራ በአንድ መዝገብ ተቀምጦ፣ ስፍራው ከባዶ እንደገና ሊሠራበት መቻል አለበት። በ2003 የወጣው ኪውኢኤምዩ፣ በ2010 የመጣው ቫግራንት፣ በ2013 የተገለጠው ዶከር፣ ሁሉም በየመንገዳቸው ይህን ያስችላሉ። እኔ ለዴስክቶፕ ፍተሻ ከኮንቴይነር ይልቅ ሙሉውን ቨርቿል ማሽን እመርጣለሁ፤ ኮንቴይነሩ ፈጣን ቢሆንም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከርነል ከባለቤቱ ኮምፒውተር ጋራ ስለሚጋራ ስውር ወሰኖች አሉበት፤ ለምሳሌ ዶከር ፕሮግራሞች በጋራ ለሚጠቀሙበት ሜሞሪ በልማዱ 64 ሜጋባይት ብቻ ስለሚሰጥ ክሮም የተባለው ብራውዘር በከባድ ገጽ ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰውም ፕሮግራሙን ሲወቅስ ይኖራል። በቨርቿል ማሽኑ ላይ ግን መሠረቱ የማይነካ አንድ ዲስክ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ፍተሻ የሚጽፈው በላዩ በተዘረጋ ስስ ንብርብር ላይ ብቻ ይሆናል፤ ፍተሻው ሲፈጸም ንብርብሩ ይጣላል፣ ቀጣዩም ንጹሑን መሠረት ያገኛል። መብራት በመካከል ቢጠፋና ፍተሻው ተቈርጦ ቢቀር እንኳ፣ በአገራችን ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ የተበላሸው የሚጣለው ንብርብር ብቻ ነው። መሠረቱንም በእጅ እያስተካከሉ ማኖር አይገባም፤ ምን እንደ ተጨመረበት የማይታወቅ ዲስክ፣ ሠሪው ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ ዕለት ምሥጢሩን ይዞ ይሄዳልና።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ስፍራው እጅግ የነጻ እንደ ሆነ የተጠቃሚውን ስፍራ መምሰሉን ያጣል፣ በዚያ ያለፈ ፕሮግራምም በሰው ኮምፒውተር ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ክሮም በ2017 ያለ ስክሪን የሚሠራበትን ሁኔታ ሲያወጣ ያ ከተለመደው ክሮም የተለየ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ፣ በአንዱ ላይ የታየው በሌላው ላይ የማይታይበት ጊዜ ነበረ፤ ሁለቱን አንድ ያደረገው አዲሱ አሠራር የመጣው በ2023 ነው። እኔ ግን ከዚህ የምደርስበት ፍርድ ስፍራው ይቈሽሽ የሚል አይደለም። የተጠቃሚዎች ልዩነት፣ ማለት ጠባብ ስክሪን፣ የጐላ ፊደል፣ የአማርኛ ቋንቋ ምርጫ፣ የሞላ ዲስክ፣ እያንዳንዱ ስሙ ተጽፎ የታወቀ ሌላ ስፍራ ሆኖ ይሠራ፤ ፍተሻውም በየአንዳንዱ ላይ ይካሄድ። ጉዳት የሚመጣው ማንም ሳያዝዘውና ሳያውቀው ከተለወጠ ስፍራ ነው።

የወደቀን ፍተሻ ሦስት ጊዜ አስኪዶ አንድ ጊዜ ካለፈ እንዳለፈ የመቍጠሩን ልማድ በጥብቅ እቃወማለሁ፤ ሁለቱ መውደቆች አንድ ነገር ተናግረው ነበር፣ ያልተሰማ ንግግራቸውም ከመዝገብ ጠፋ። ማስኬዱ ካልቀረ ሦስቱም ውጤቶች ይመዝገቡ፣ የሚዋዥቀውም ፍተሻ ተለይቶ፣ የሚመረምረው ሰውና ቀን ይወሰንለት። ለምርመራው ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የወደቀበት ቅጽበት የስክሪን ሥዕል፣ ቢቻል የመላው ፍተሻ ቪዲዮ፣ የፕሮግራሙ ሎግ፣ የስፍራው የእትም ቍጥሮች ዝርዝር።

ገንዘብ የሌለው ትንሽ ቡድን ይህን መጀመር አይችልም የሚል ሐሳብ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ስፍራ አለ፤ ነገር ግን ለሊኑክስ የጠቀስኋቸው መሣሪያዎች በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ለመጀመሪያውም አንድ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። በዚያ ላይ አንድ ቨርቿል ማሽን ተሠርቶ አንድ ፍተሻ ብቻ፣ ፕሮግራሙን ከፍቶ የሚዘጋ፣ ሌሊቱን መቶ ጊዜ ይካሄድ። መቶውም ሳያልፍ ሁለተኛ ፍተሻ አይጻፍ፤ ከመቶው አንዱ ቢወድቅ ደግሞ ንብርብሩ ከመጣሉ በፊት ሥዕሉና ሎጉ ወጥተው ይታዩ፤ በዚያን ጊዜ ከሚፈተሸው ፕሮግራም ገና ምንም ያህል ስላልተነካ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው በስፍራው ውስጥ ነው።